መዳን የፈራሁበት ዓመት

ይህን የምጽፈው ሳል ይዞት «ኮሮና የለብህም» ተብሎ እፎይ ላለ ሰው ነው። እፎይ አትበል። ተመለስና «እንግዲያው ምንድን ነው ያለብኝ?» ብለህ ጠይቅ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ፣ የሚጠይቅልኝም ሰው ሳይኖር፣ ሞት ደጃፍ ደርሼ ተመልሻለሁ። ደግሞም የምጽፈው ታሞ ብቻውን ለተኛ ሰው ነው፤ ለእሱ የምለው ረዘም ስለሚል ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትሁን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ትክል ድንጋይ ነው፤ ጎንደር ከገባሁ ግን ብዙ ዘመን አልፎኛል። ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ እትዬ ጥሩ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልሰጠኝም። አፍሽ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ደንበኞቼ እጄን ስለሚወዱት አፌን ችለውት ይኖራሉ። ትክል ድንጋይ እናቴና ታላቅ ወንድሜ አያ እንየው ነበሩኝ። ሌላ የቅርብ ዘመድ የለኝም።

በሽታው አገር ውስጥ ገባ የተባለ ሰሞን የሠርግ ልብስ ያዘዙኝ ሁሉ ሠርጋቸውን ሰረዙ። የስፌት ማኪናዬ ግን ሥራ አልፈታም፤ አገሩ በሙሉ አፉን ሊሸፍን ተነሣና ከጠዋት እስከ ማታ ማስክ ስሰፋ እውል ጀመር። ሳሉ የያዘኝ ያኔ ነው። ደረቅ ሳል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬን ከርከር የሚያደርግ። የጨርቅ ብናኝ ነው አልኩና ተውኩት። ሲብስብኝ ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ያልሞከርኩት የለም። እትዬ ጥሩ «ምች ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ላብ ላብ ሲልሽ ነፋስ ወጥተሽ ነው» ብለው ዳማከሴውን በእጃቸው አሽተው አጠጡኝ። ይህ እንግዲህ ሰው ገና ሰውን በሚነካበት ጊዜ ነው።

ያን ሰሞን መሳል ምን ማለት እንደነበር የረሳ ያለ አይመስለኝም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ሳስቀድስ አንዴ ሳልኩ። ግራና ቀኜ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥለው ፈቀቅ አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን ፈቀቅ እል ነበር። ቢሆንም አንጀቴ አረረ። ሌላ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሳልኩና ሾፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይውረዱ» አለኝ። እማማ ተብዬ የማላውቅ ሰው! ማውረዱ ይሁን እማማ ማለቱ የበለጠ ያናደደኝ እስካሁን እንጃ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ከላስቲክ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጧል፤ እኔን በር ላይ ወንበር ሰጡኝ። እየጮኽን ነው የተነጋገርነው። ደረቴን አላዳመጠም፣ እጄንም አልነካም።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«በቃ፣ የጨርቅ ብናኝ ነው። አለርጂ ነው» አለና መድኃኒት ጻፈልኝ። ሲያልቅ ተመልሼ ስሄድ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» ብሎ ሌላ ጻፈልኝ። አልፈርድበትም፤ እሱም ልጆች ይኖሩታል፣ ፈርቷል። እኔም ብሆን የሚስል ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ አልወድም ነበር። መድኃኒቱን ግን ጨርሼው ሳሉ ባሰ። ወደ ማታ ትኩሳት ይለቅብኛል፣ ሌሊት አንሶላዬ ቢጨመቅ ውኃ የሚወጣው እስኪመስል ያልበኛል፣ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉብኝ። የራሴን ልብስ እያጠበብኩ መስፋት ጀመርኩ።

ከዚያ አምቡላንሱ መጣ። ማን እንደደወለ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ግቢው ውስጥ ገብተው ስሜን ጠሩ። ፊታቸው አይታይም። ሰፈርተኛው በሙሉ በየደጃፉ ቆሞ ያያል፤ አንዲት ሴት አማተበች። በሠርጓ ቀን በዚያ ሁሉ ዓይን የታየች ሙሽራ ያለች አይመስለኝም። ለይቶ ማቆያ ያሉት ቦታ ትምህርት ቤት የነበረ አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምግብ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አፍንጫዬ ውስጥ እንጨት ከትተው ናሙና ወሰዱ፣ ውጤት እስኪመጣ ጠበቅሁ፣ መጣ፤ የለብኝም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነፃ ነሽ» አለኝ አንዱ ነጭ ለባሽ። ይኸውልህ አንባቢዬ፣ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ኮሮና የለባትም ተባለና ጤነኛ ሆንኩ። እየሳልኩ አስገቡኝ፣ እየሳልኩ አስወጡኝ። ሌላ በሽታ ከዓለም የጠፋ ይመስል እኔም ማርያምን አመስግኜ ቤቴ ገባሁ።

ሰፈሩ ግን አላመነም። በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሚቀርብህም የማይቀርብህም ይመጣል፣ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ይጀምራል። ድሮ ትርፍ አንጀቴን ተቀድጄ ስተኛ ጠያቂ በዛብኝ ብዬ ያንቀላፋሁ መስዬ ዓይኔን እጨፍን ነበር። አሁን ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቅልም፤ የሚያንኳኳ የለም። እትዬ ጥሩ ብቻ ናቸው ያልረሱኝ። ምግቡን በመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡና፣ በዱላቸው መስኮቱን ቆርቆር አድርገው፣ ግቢው መሐል ድረስ ሸሽተው ይጮኻሉ፤ «ትሁን! ብዪ እንጂ! ሳይበርድ!» እግዜር ይስጣቸው። ሳህኑን ይዤ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ግን እንባዬ ከወጡ ጋር ይቀላቀል ነበር። ብቻዬን መብላት ለምጃለሁ እል ነበር፤ አልለመድኩም።

ማታ ማታ እማ ትደውላለች።

«ምነው ድምጥሽ ሰለለ?»

«ሸጋ ነኝ እማ።»

«ሸጋስ አይደለሽም። ልምጣና ላስታምሽ።»

«እንዳትመጪ። መኪናው ግማሽ ሰው ብቻ ነው የሚጭነው፤ ደግሞ ግፊት አለብሽ፣ በሽታው ላንቺ አይሆንም። የግፊት መድኃኒትሽንስ እየወሰድሽ ነው?»

«ጤና ጣቢያው ለዚህ ለመጣው በሽታ ሆኗል፤ ቀጠሮውን አራዘሙት። ሰዉም ከዚያ ሄዳችሁ ነው የምትያዙት እያለ ያስፈራራናል። የኔን ተዪው። ልጅን በስልክ ማስታመም! ጉድ እኮ ነው!»

እናቴ እጅ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም፤ ዘዴ ፈጠረች። ተነጋግረን ስንጨርስ ስልኩን ሳትዘጋው መደቡ ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔም ትራሴ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ጥጃውን ስትቆጣ፣ ከአያ እንየው ሚስት ጋር በማያጨቃጭቅ ነገር ስትጨቃጨቅ፣ ዳዊቷን ስትደግም። መሐል ላይ ከሩቅ «ትሁን፣ አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ እማ» እላለሁ። ሌላ የምንባባለው የለም። አያ እንየው ካርድ ፈጀሽብኝ እያለ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን አትሰማውም። እንቅልፍ የሚወስደኝ እንዲያ ስሰማት ብቻ ነበር።

ሰኔ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ስል አፌን የያዝኩበት ጨርቅ ደም ሆነ። ቁጭ ብዬ አየሁት። መቼም ደም የጨርቅ ብናኝ አይደለም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ እየተደገፍኩ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ባጃጅ መለመን አስጠላኝ።

ሆስፒታሉ የማውቀው ሆስፒታል አልነበረም። በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ዘበኛው ትኩሳት መለኪያውን ግንባሬ ላይ እንደ ሽጉጥ ደቀነብኝ። የድሮዎቹ ክፍሎች ለኮሮና ተሰጥተዋል፤ የተጻፈባቸውና የሚታከምባቸው አይገናኝም። አስታማሚ አይገባም ስለተባለ አጥሩ ሥር ገበያ የመሰለ ሰው ፌስታልና ሳህን ይዞ ቆሟል። አንድ ገበሬ የሚስቱን ስም እየጠራ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል፤ የሚመልስለት የለም። ውስጥ ደግሞ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ አንድ አንድ ቦታ እየዘለሉ በቀለም ሰርዘውባቸዋል። በእኔና ቀጥሎ በተቀመጠችው ሴት መካከል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። እሷም ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ ማንም ማንንም አይዞሽ አላለም። ተራ እስኪደርሰኝ ከተቀመጥኩባቸው የሕይወቴ ሰዓታት የከፋው እሱ ይመስለኛል።

አንዱ ወደ አንዱ ሲልከኝ ውሎ፣ በመጨረሻ ከጓሮ በኩል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ካለች ነርስ ጋር ተገናኘሁ። ሲስተር ሰናይት ትባላለች። ማስኳን አጥብቃ አሰረችና መስኮቱን በረገደችው፤ ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስቀርባት ያልሸሸችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

«አክታዎን መርምረውልዎት ያውቃሉ?»

«የአፍንጫዬን ነው እንጂ የአክታዬን የጠየቀኝ የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። በትንሽ ዕቃ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቲቢ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ። ሰው ያለቅሳል ብላ ነው መሰል እጇን ወደ መሐረብ ሰደደች። እኔ ግን ሳቅሁ። ስም አገኘሁለት እኮ! ያን ሁሉ ወር ስም የሌለው ነገር ነበር የሚበላኝ።

ሲስተር አስረዳችኝ። ቲቢ ሳንባን ቀስ እያለ የሚበላ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ግን መድኃኒት አለው፣ በነፃ ነው፣ ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይድናል። ድሮ ቢሆን መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እየመጡ እሷ ፊት ነው የሚዋጠው። አሁን ግን ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ የብዙ ቀን መድኃኒት ይሰጥና ቤት ይዋጣል፤ እሷ በስልክ ትከታተላለች። ለጤና ጥሩ ነው፤ ገብቶኛል። ለእኔ ግን በየቀኑ ወጥቼ የምሄድበት ቦታና የማየው ሰው ቀረብኝ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል አይደለም። ያቅለሸልሻል፣ ሽንት እንደ ጠጅ ይቀላል። ሳይነግሩት ላየው ሰው ያስደነግጣልና አትደንግጡ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሌሊት ማላቡ ቆመ፣ ሳሉም ረገብ አለ። ለእማ ስነግራት እልል ስትል ስልኩ አንባረቀ። «ለፍልሰታ ይሻልሻል፤ ለመስቀል እመጣለሁ፣ ማንም አያስቀረኝም» አለች።

ፍልሰታ ሲገባ የእማ ስልክ ቆመ።

መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። በማግስቱ ማታም አልደወለችም። እኔ ስደውል የአያ እንየው ሚስት አነሣች። ድምፅዋ ከወትሮው የፈካ ነው፤ ያቺ ሴት በተፈጥሮዋ ለስልክ የምትፈካ አይደለችም። «እማ ተኝታለች» አለች። በሌላው ቀን «ቤተ ስኪያን ናት»። ከዚያ አያ እንየው ራሱ ደወለ።

«ትሁን፣ እማ ስላንቺ ተስላ ገዳም ገብታለች። በአዲ አርቃይ በኩል ወርዳ። ሱባኤ ይዛለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም።»

«ማን አወረዳት?»

«ከመነኮሳት ጋር ሄደች።»

«በዚያ ጉልበቷ?»

ከጀርባው ብዙ ሰው የሚንሾካሾክ ይሰማል። «ሰላም በሏት ብላለች» አለና ዘጋው። እናቴ ጉልበቷን አሟት ገበያ እንኳ በበቅሎ የምትወጣ ሴት ናት። የሊማሊሞን ቁልቁለት ልትወርድ! ያን ማታ ስልኩን ትራሴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም።

እትዬ ጥሩም የአገሬ ሰው ናቸው፤ ከእናቴ ጋር የሥጋ ዝምድናም አላቸው። ያን ሰሞን ከግቢው ጠፍተው ሰነበቱና ምግቡን ሠራተኛቸው ታመጣልኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን መስኮቱ አልተቆረቆረም፤ በሩ ተከፈተና እትዬ ጥሩ ገቡ። ማስክ የለ፣ ዱላ የለ። ቀጥ ብለው መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ያሻሹት ጀመር። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው እጅ ነካኝ! መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ አልዋሽም። ጉያቸው ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዓይናቸው አባብጧል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«አለቀሱ እንዴ እትዬ?»

«ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አሉ። እጄን ግን አልለቀቁም።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ወር ግቢው መሐል ቆመው ሲጮኹልኝ የኖሩ ሴት በሽታውን ረስተው እስኪስሙኝ ድረስ ያሳዘንኳቸው በምን እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ሞታለች።

አልጠየቅሁም። በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ልቡ አይችልም፣ ይሞትብናል ይባላል። እስኪድን ይጠበቃል። ሲድን ዘመድ ይሰበሰብና ገና ጎህ ሳይቀድ ቤቱ ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከበውት ይነግሩታል። እኔም ለሌሎች ሰዎች እንዲህ አድርጌ ደብቄ አውቃለሁ፤ በፍቅር ነው የሚደረገው። ስለዚህ እትዬ ጥሩን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሸኘኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ ድምፅ ካወጣሁ ማወቄን ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ለሐኪም አልተናገርኩም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። መዳን ፈራሁ። ከዳንኩ ይነግሩኛል፤ ከነገሩኝ እናቴ የለችም። ካልዳንኩ ደግሞ እማ ገዳም ናት፣ ስለ እኔ እየጸለየች ነው። አያ እንየው ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ኧረ አልተሻለኝም» እላለሁ። ሳሉ ጠፍቶ ሳለ ለእሱ ብዬ ስልኩ ላይ እስላለሁ። እሱም «አይዞሽ፣ እማ ሰላም ብላሻለች» ይላል። ሁለታችንም ስንዋሽ መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። በኋላማ የዚያ አገር መንገድ በጦርነት ተዘጋና ወንድሜ ሳይደክም ምክንያት አገኘ፤ «መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች» ይለኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ራሴንም አሳምነዋለሁ። ነጭ ለብሳ ዛፍ ሥር ስትደግም ይታየኛል።

ልብሴ ሲጠብበኝ፣ ጉንጬ ሲሞላ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ መስተዋቱን አዞርኩት። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ለቆት ሰው በመስኮት «እንዴት ዋልሽ?» ማለት ጀምሯል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ማንም ገብቶ አይቀመጥም። አሁን በሽታውን ሳይሆን አፋቸው እንዳያመልጣቸው ነው የሚሸሹኝ። ሰው በሌለበት ብቻህን መሆን አንድ ነገር ነው። አንተ የምታውቀውን ሁሉም እያወቀው ብቻህን መሆን ግን ያሳብዳል።

አንድ ማታ ክኒኖቹን መዳፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ባልውጣቸውስ? ሳሉ ይመለስ፣ ይቆይ፣ ትንሽ ጊዜ ልግዛ። ሞት አልተመኘሁም፤ እማ ገዳም እንድትቆይልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ሰናይት ናት።

«እትዬ ትሁን፣ ዋጡ?»

«አዎ» ልል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። «አልዋጥኩም። ሲስተር፣ እኔ ከዳንኩ እናቴ ሞተች ማለት ነው» አልኳት። ከዚያ ሁሉን አፈረጥኩላት፤ ገዳሙን፣ ሽንኩርቱን፣ የውሸት ሳሌን። ለማንም ያልተናገርኩትን በአካል ሦስት ጊዜ እንኳ ላላየኋት ልጅ ተናገርኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «ለእናትዎ ማድረግ የምችለው ነገር የለኝም» አለች በመጨረሻ። «ክኒኑን ካቋረጡ ግን በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያኔ ለእርስዎም ማድረግ የምችለው ያልቅብኛል። አሁን ይዋጡት። እየሰማሁ ነው።»

ዋጥኩት። ውኃው ሲንቆረቆር ሰማች። «ጎበዝ» አለችኝ፤ የልጅ ልጇ ነው የመሰልኳት። «ከነገ ጀምሮ መድኃኒቱን ሲውጡ እየደወሉ ስለ እናትዎ አንድ አንድ ነገር ያጫውቱኝ» አለች። አጫወትኳት። እንዴት እንደምትጨቃጨቅ፣ አያ እንየውን እንዴት እንደምታስፈራራው። እሷም ሥራ አድክሟት፣ በዚያ ሁሉ በሽተኛ መሐል ውላ፣ ትስቅልኝ ነበር። ብቻህን ለተኛኸው ሰው ልነግርህ የፈለግሁት ይኸው ነው፤ ሐኪምም ይሁን ነርስ፣ መንገደኛም ይሁን፣ ለአንድ ሰው ተናገር። ሳንባዬን መድኃኒቱ አዳነው። ሌላውን ያተረፈችልኝ እሷ ናት።

ጥር ላይ የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ንጹሕ ሆነ። ሲስተር ሰናይት «ድነዋል» አለችኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ካርዴን ዘጋችው፣ ተነሥታም አቀፈችኝ። ቤቴ ደረስኩና ስልኩን አነሣሁ።

«አያ፣ ድኛለሁ።»

«በውነት? ሐኪሟ ብላለች?»

«ብላለች። ጨርሻለሁ።»

«ተመስገን» አለ። ድምፁ ግን የደስታ አልነበረም። «እንግዲያው… እንጠይቅሻለን። እንመጣለን።»

ታምሜ ያልጠየቀኝ ሰው ድኜ ሊጠይቀኝ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚች ብቻ ሳምንት እቀልድበት ነበር። ማኪናዬን ወደ ጥግ ገፋሁት። የተቆረጠ ጨርቁን ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁ። ሰው እንዲቀመጥ ቤቱን ባዶ አደረግሁና ጠረግሁ። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ ለብሼ መጠበቅ ጀመርኩ። ወፍ ሲንጫጫና የመጡ ሲመስለኝ ብድግ እላለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ «ዛሬም ገዳም ናት» እልና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን መጡ። የግቢው በር ቀስ ብሎ ሲከፈት፣ ብዙ እግር ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ሲረግጥ ሰማሁ። አያ እንየው ከደጄ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳያንኳኳ ከፈትኩለት። ጋቢውን ተከናንቧል፤ ከኋላው የትክል ድንጋይ ዘመዶች፣ እትዬ ጥሩ፣ ጎረቤቶቼ፣ እነዚያ ፈቀቅ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ቆመዋል። ገቡና ከበቡኝ። ወንድሜ ቃሉን ያዘጋጀ መሆኑ ያስታውቃል።

«ትሁን፣ እንግዲህ… የእግዜር ነገር…»

«አያ፣ አንተ አትንገረኝ» አልኩት። «እኔ ልንገርህ። እማ ሞታለች።»

ያን ቃል ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለ ወንድሜ።

«ከፍልሰታ ጀምሮ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ? ብቻሽን?»

«አንተስ?»

ያን የሚያህል ሰው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አብሬው ተቀመጥኩና ራሱን ደረቴ ላይ ያዝኩት። ያኔ በልቅሶው ሰሞን ሊያለቅስ ሲል ስልኩ ይጮኻል፣ የምደውለው እኔ ነኝ፤ እንባውን ጠርጎ ከልቅሶ ድንኳኑ ወጥቶ እርሻ መሐል ቆሞ «እማ ሰላም ብላሻለች» ይለኛል። ለእናቱ ወግ ያለው ልቅሶ አላለቀሰም። እየተንሰቀሰቀ የነገረኝ ይህን ነው፤ እያንዳንዷን ውሸት ሲዋሸኝ እናታችንን እንደገና ይቀብራት እንደነበር።

«እንዴት እንደሆነች ንገረኝ» አልኩት። «አንድም ሳትዘል፣ ከመጀመሪያው።»

ነገረኝ። ግፊቷ ተነሥቶ ማታ እንደወደቀች፣ መኪና ሲፈልጉ እንዳመሹ፣ በመጨረሻ አንደበቷ ሳይዘጋ ስለ እኔ መሻል ጠይቃ እንደነበር። እሱ ሲያቆም እኔ እንባውን እጠርግለታለሁ፣ እኔ ሲያቅተኝ እሱ ይይዘኛል። ሰው ቤቱን ሞልቶታል፤ በርጩማ ያጣው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ያልገባው በር ላይ ቆሟል። ነግቶ ፀሐይ በመስኮቱ እስኪገባ ድረስ ተረከልኝ። ሲጨርስ እናቴን በስሟ ጠርቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ሰውም ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ።